ሰኞ ሰኞ የምትሞተው ሙሽራ

መኪና መንገድ ላይ ሲቆም አላፊ አግዳሚው ወንድ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ይህን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አይደለም፤ የእናቴ የዳቦ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሞተሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ እልም ይላል። አጎቴ ከመሪው ጋር እየታገለ መኪናዋን ወደ ዳር ያስጠጋና ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። ከዚያ ከየት እንደ ፈለቁ የማይታወቁ ወንዶች ይከቡታል። አንዱ ጋዜጣ ሻጭ ነው፣ አንዱ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ አባት ነው፣ አንዱ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ቢሮ የሚገባ ነው። ሁሉም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው እንደሚፈልጉ ወደ ውስጥ ያጎነብሳሉ። ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል ይላል አንዱ። ካንዴላ ነው ይላል ሌላው። ሱፍ የለበሰው ክራባቱ እንዳይቆሽሽ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ባትሪውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ፣ የዛሬ ዘመን መኪና ዕቃ አይደለም ብሎ ያዝናል። የእኛዋ እሱ ሱሪ ሳይታጠቅ የተሠራች አሮጊት መሆኗን ማን ይንገረው።

የዚያን ዕለት ሰኞ የቆምነው ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ነበር። ከኋላችን መደርደሪያ ሙሉ ትኩስ ዳቦ፣ ከፊታችን ቁርሱን የሚጠብቅ በሽተኛ፣ መሃል ላይ አጎቴ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የእናቴን ዳቦ በየጠዋቱ ወደ ሆስፒታሉ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ እኔ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ እያወረድኩ የማስረክበው ነኝ። መኪናዋን "ሙሽራዬ" ነው የሚላት። ሙሽራዋ ደግሞ ወር ሳይሞላ መንገድ ላይ ትሞታለች፣ ቀን መርጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሰኞ።

የሞቷ ምክንያት ምስጢር አልነበረም፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሴንሰር ነው። ሞተሩ ሲዞር እየተከታተለ ለመኪናዋ ኮምፒውተር የሚናገር፣ አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር ፕላስቲክ። እሱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፤ ነዳጁንም እሳቱንም ይቆርጣል። ጤነኛ ሞተር በወሬ አቀባዩ ምክንያት ይሞታል ማለት ነው። ማንም ያልጠየቀው፣ ይህ አውራ ጣት በተቀየረ ቁጥር ለምን ተመልሶ እንደሚሞት ነው። "አሮጌ መኪና ነዋ" ይላሉ፤ መልስ የሰጡ መስሏቸው።

ወንዶቹ ተናግረው ሲጨርሱ መካኒኩ በሞተር ብስክሌቱ ደረሰ። ሠፈሩ ጆሮ ነው የሚለው። ፊት ለፊት ግን ሁሉም ማስተር ይለዋል። ጆሮ የተባለው መፍቻ ሞተር ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሽታውን ስለሚያዳምጥ ነው። የዚያን ቀንም አዳመጠ። ልብ በሉልኝ፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ሴንሰሩም ሲሠራም ሆነ ሲሞት ድምፅ የለውም። ጆሮ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሲነቀንቅ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ እንኳ ትንፋሹን ዋጠ።

"ሴንሰር ነው" አለ ጆሮ።

ወንዶቹ ተያዩ፤ ተደነቁ። እኔ ዳቦው ላይ ተደግፌ ሰዓቴን አየሁ።

አሮጌውን ነቅሎ ከኪሱ ያወጣውን ሰካበት፤ ሞተሩ ተነሳ፤ የነቀለውን ለቆርቆሮዋ ብሎ ኪሱ ከተተው። ጋራዡ ውስጥ የሞቱ ሴንሰሮች የሚያጠራቅምበት የቀለም ቆርቆሮ አለው፤ ደንበኛ ሲመጣ ያንኳኳታል፣ ለእውቀቱ ምስክር ናት። እኛም አርፍደን ሆስፒታሉ ወጥ ቤት በር ላይ ደረስን። የምግብ ክፍሉ ኃላፊ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። የምትጮህ ሴት አይደለችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"እህቴ፣ በሽተኛ ምክንያት አይበላም" አለችኝ። "ለእናትሽ ንገሪያት። ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታረፍዱ ዳቦ ከፋብሪካ ነው የምወስደው።"

ለእናቴ ነገርኳት። ሊጥ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋው አልቆመም፣ ግን መቁረጥ ካለባት በላይ አሳነሰችው፤ በኋላ ሁሉንም መልሳ ደፈጠጠችው። የእናቴ ዳቦ ቤት በሱቁ መስኮት ከሚሸጠው ሆስፒታሉ የሚወስደው ይበዛል። ሆስፒታሉ ከሄደ ምድጃው በጠዋት የሚለኮስበት ምክንያት የለም። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ግን ተምሬዋለሁ፣ ስለዚህ የበለጠ ተናደድኩ።

አሁን ስለ እጥበቱ ልናገር።

አጎቴ ድሮ የአንድ ትልቅ ሰው ሾፌር ነበር። መኪናዋ ጥቁር ነበረች፤ አቧራ በሩቁ አይቷት ይመለስ ነበር፤ ሞተሯ ላይ ምሳ አቅርቦ መብላት ይቻል ነበር። ይህን የምናውቀው እሱ ስለሚነግረን ነው፤ ማንም ሞተር ላይ ምሳ ሲበላ አላየንም። ትልቁ ሰው ተሻረና አዲሱ የራሱን ሾፌር ይዞ መጣ፤ አጎቴ ወደ እህቱ ዳቦ መጣ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ነገር ቢኖር እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢያችን ውስጥ ውሃ በግፊት የሚተፋ ማሽን አለው። ሸሚዙን ይሰበስባል፣ ሙሽራዋን ከጣሪያ እስከ ጎማ ያጥባታል፤ ከዚያ ኮፈኑን ይከፍትና ያን ጥይት የመሰለ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ይለቅበታል። ጥግ አይቀረውም። ሲጨርስ በጨርቅ ያደርቃታል፣ ሞተሩ ያብለጨልጫል፤ ጆሮ አልፎ ሲሄድ ገብቶ ያያል፤ "እንዲህ ነው እንጂ መኪና መያዝ" ይላል። ለደንበኞቹም ሁሉ ይህንኑ ይመክራል። ጠግኖ ሲመልስም ሞተሩን አጥቦ ነው የሚመልሰው፤ የሥራው ማኅተም ነው።

እሑድ ይታጠባል፤ ሰኞ ይሞታል። ሲጻፍ ሕፃን ይረዳዋል። ግን በየሳምንቱ አትሞትም ነበር፤ አንዳንዱ ሳምንት ፀሐይ ያደርቃታል፣ አንዳንዱ ሳምንት እድል። እኔም ብሆን ያየሁት ብልጥ ስለሆንኩ አይደለም። ያየሁት የአጎቴ ድድ ስላበጠ ነው።

ጉንጩ ድንች የጎረሰ መስሎ ተኛ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ እኔ ነዳሁ። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ማጠብ የሚባል ነገር ወደ ሐሳቤም አልመጣ። ሙሽራዋ ጭቃ እስከ ጆሮዋ ለብሳ፣ ጎኗ ላይ የተጻፈው የዳቦ ቤቱ ስም እስከማይነበብ ድረስ፣ በየጠዋቱ ዳገቱን ወጣች። እሑድ ሳትታጠብ አለፈ፤ ሰኞ አልቆመችም። ማክሰኞም አልቆመችም። ኃላፊዋ ደህና አደርሽ እስከማለት ደረሰች። እኔም የሆነ ነገር ሽው አለኝ፤ ግን ገና ስም አልሰጠሁትም።

ረቡዕ አጎቴ ጉንጩ ሟሽሾ ወደ ግቢ ወጣ፤ መኪናዋን አየና ግድግዳ ተደገፈ።

"ምን አደረግሻት?" አለኝ፤ ሬሳ እንዳሳየሁት ሁሉ።

"ነዳኋት።"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ማሽኑን አወጣ። ያመለጠው እሑድ ዕዳ የሆነበት ይመስል ነበር። ሞተሩን አንዴ አጥቦ፣ ቆም ብሎ አይቶ፣ ደግሞ አጠበው። ሐሙስ ጠዋት እዚያው ዳገት ወገብ ላይ እልም አለች። ሰኞ ሰኞ የምትሞተው ሙሽራ፣ ረቡዕ ስለታጠበች ሐሙስ ሞተች። ያን ጊዜ ስም ሰጠሁት።

ዳቦውን ያዳነው ከኋላችን ሲመጣ የነበረ ባለ ሦስት እግር ነው፤ መደርደሪያውን እየነቀልኩ ጫንኩበት፤ ጭኔ ላይ ሁሉ ዳቦ ይዤ ኃላፊዋ በሩን ልትዘጋ ስትል ደረስኩ። ሰዓቷን አየች፤ አንገቷን ነቀነቀች፤ ዳቦውን ተቀበለችኝ። ስመለስ ሙሽራዋ ተጎትታ ጆሮ ጋራዥ ገብታለች። አጎቴ አለ፤ የተለመዱት ወንዶች አሉ፤ ፍርዱም ተሰጥቶ አልቋል። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ሴት ስትነዳ ክላች ላይ ትቆማለች፣ ክላች ላይ ሲቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥ ሴንሰር ይደክማል። ጆሮ ይህን ሲያብራራ ጣቱን በዘይት እየነከረ ጠረጴዛ ላይ ሥዕል ሁሉ ሠራ።

"ማስተር" አልኩት፤ "ረቡዕ ታጠበች፣ ሐሙስ ቆመች። ሳትታጠብ በሰነበተችበት ጊዜ ግን አልቆመችም።"

"ምን ነበር የተማርሽው?"

"ኢኮኖሚክስ።"

ወደ ወንዶቹ ዞረ። "ሰማችሁ? ገበያው ሲረጥብ ሴንሰር ይሞታል።"

ሳቁ። አጎቴም ሳቀ፤ ጉንጩ ጨርሶ ስላልዳነ በግማሽ አፉ። እኔ ግን መሳቃቸውን አልጠበቅሁም፤ ኮፈኑ ሥር ገብቼ ሴንሰሩ የሚሰካበትን ሶኬት በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ውሃ እንዳይገባ የሚከላከለው ላስቲክ ከድሮ ጀምሮ ሟሙቶ አልቋል። የውስጡ ሽቦ ጫፎች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ስጠመዝዘው አንዲት የውሃ ጠብታ አውራ ጣቴ ላይ ወረደች። ለጆሮ አሳየሁት። ሴንሰሩ አይደለም የሚሞተው፣ እዚህ ጋ ውሃ ሲገባ ነው ወሬው የሚቋረጠው፤ አንተ አዲስ ስትሰካ ዝገቱ ይፋቃል፣ ውሃው ይወጣል፣ ስለዚህ የዳነች ይመስልሃል አልኩት። ቆርቆሮህ ውስጥ ካሉት ሟቾች አንዱን ብትሰካው ይሠራል፣ ሞክረው አልኩት።

ጆሮ ቆርቆሮዋን አየ። አንድ አፍታ የሚሞክረው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወንዶቹን አየ።

"ውሃ ብረት ገድሎ ያውቃል?" አለ። "መርከብ የት ነው የሚኖረው?"

እንግዲህ መርከብ ከመጣ ምን ይባላል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ጆሮ ግን አውቆ አልነበረም የተኛው፣ ያም ያናድደኛል። ሌባ ቢሆን እንኳ እረዳው ነበር። አላጭበረበረንም፤ ከልቡ ነበር የሚሳሳተው፤ በሙሉ እምነት፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ማታ ወደ እናቴ ሄድኩ። የሚሰማኝ ሰው ካለ እሷ ናት ብዬ። ሰማችኝም። ዱቄት ያለበት እጇን በመሀረቧ እየጠረገች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ ሊሆን ይችላል አለች። ታዲያ ማጠቡን ተው በዪው አልኳት።

"ማጠቡን ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል?"

"መንዳቱ።"

"መንዳቱ የኔ ነው" አለች። "ማጠቡ ነው የሱ።"

ተናደድኩ። የሰው ክብር በበሽተኛ ቁርስ አይገዛም አልኳት፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ እናቴ ግን ለዓረፍተ ነገር አትደነግጥም። ይልቅ አዲስ ወሬ ነገረችኝ። ሆስፒታሉ ሰኞ ምግብ የሚያመላልሱ መኪናዎችን ሁሉ ንጽሕና ይመረምራል፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ይሰናበታል። በሰዓቱ መድረስ ደግሞ የፈተናው መጀመሪያ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም። ከግቢው ማሽኑን ሲሞክር ይሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ራሱን ያዝኩት። ትልቅ ነገር አልለመንኩትም፤ ውጪዋን እንደ ፈለግህ እጠባት፣ ሰም ቀባት፣ ሽቶ እርጫት፣ ኮፈኑን ብቻ አትክፈት አልኩት።

"ሙሽራ ፊቷን ታጥባ እግሯን ትቅር?" አለኝ።

"ጋሼ፣ የዳቦ መኪና ኮፈን ማን ይከፍታል?"

"ሥራውን የሚያውቅ ሰው።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ትልቁ ሰውዬ አንድ ቀን እንግዳ ይዞ መጥቶ ኮፈኑን አስከፈተኝ። ለእንግዳው ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ሾፌሬን ለማወቅ ሞተሩን እይ አለው።"

መልስ ነበረኝ፤ ያ ትልቅ ሰው ሲሻር አንተን አልወሰደህም የሚል። አላልኩትም። በደግነት አይደለም፤ እንደማይጠቅም ስለገባኝ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደ እሱ ላለ ነው፤ ግን የሚወድቀው የእናቴ ብብት ውስጥ ያለው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሙሽራዋ ግቢ መሃል ቆማለች፤ ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ማሽኑ ተሰክቷል። አጎቴ ሳሙናው አልቆበት ወደ ሱቅ ወጣ። እኔ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጬ አንድ ፌስታል መዘዝኩ፤ የትንሹን ዳቦ ፌስታል፣ አረንጓዴ የስንዴ ዛላ የታተመበትን። ክንዴ እስከ ክርኔ ሞተሩ ጎን ገባ። ሶኬቱን ከነሴንሰሩ በፌስታሉ ጠቀለልኩት፤ የዳቦ ከረጢት በምናስርበት ላስቲክ ደጋግሜ አሰርኩት፤ የተረፈውን ጅራቱን አጥፌ ወተፍኩት። እጄን ስመልስ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኗል። በሩ ሲንኳኳ ዳቦ ቤት ውስጥ ሆኜ እጄን በዱቄት እየፈተግኩ ነበር።

አጎቴ አጠባት። እንደዚያን ቀን አጥቧት አያውቅም። ሞተሩ ላይ ውሃውን ሲለቅ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ እያፏጨ ነበር። ሐሳቤ ሲመሽ ፌስታሉን መፍታት ነበር። አጎቴ ግን ለፈተናው እንደጸዳች እንድታድር ብሎ ኮፈኑን ዘጋው፣ በሩን ቆለፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ተኛ። ቁልፉን ብጠይቀው ምክንያቱን ይጠይቀኛል። ምክንያቱን ብነግረው እንደገና ያጥባታል፣ ለማረጋገጥ።

ሰኞ ጠዋት ዳቦውን ጫንን። አጎቴ ሸሚዙን ተኩሷል፤ የድሮውን ክራባቱን ሁሉ አድርጓል። ተነሳች። ሠፈሩን አለፍን፣ አደባባዩን አለፍን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ መጀመሪያ የሸተተው እኔን ነው፤ ዝም አልኩ። ከዚያ እሱ አፍንጫውን ነፋ።

"ላስቲክ ይሸታል" አለ።

"ከውጭ ነው። ንዳ።"

"ከውጭ አይደለም።"

"ጋሼ፣ ሰዓት የለንም፣ ንዳ" አልኩት፤ አጎቴ ግን በሕይወቱ ሽታ ሰምቶ የነዳ ሰው አይደለም። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትሞትበት ቦታ፣ በገዛ እጁ አጠፋት። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እኔም ወረድኩ። ወንዶቹ ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ሱፍ የለበሰው እንኳ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ክራባቱን ይዞ እየመጣ ነው።

ከላስቲኩ ያመለጠው የፌስታሉ ጅራት የጋለ ቱቦ ነክቶ ቀልጧል። ሌላው ሁሉ እንዳሰርኩት ነው፤ ሶኬቱ ላይ ግጥም ብሎ፣ በላዩ የውሃ ጠብታ ተንጠባጥቦበት፣ ከውስጥ ደረቅ። አረንጓዴው የስንዴ ዛላ ከዚያ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ብረት መሃል ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

አጎቴ አየው። እኔን አላየኝም። የፌስታሉን ውጭና ውስጥ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱን አየ፤ በሱሪው ጠረገ። ያኔ እንደገባው አውቃለሁ፤ ጀርባው ነው የነገረኝ። ያን ሁሉ ሰኞ እየቆጠረ ይመስል ትከሻው ወረደ። ከዚያ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ቀርቦ "ሴንሰሩ ነው?" አለ፤ አጎቴ የቀለጠውን ጅራት ቆርጦ ኪሱ ከተተና፣ ማንም ሳያይ ኮፈኑን ደፋው።

"ምንም የለም" አለው።

ገባን። ቁልፉን አዞረ። ተነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገር ሲነዳ አየሁት፤ እውነቱን ለመናገር የተሻለ ሾፌር ነው።

ኃላፊዋ በሩ ላይ ነበረች፤ ሰዓቷን አይታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ደረሳችሁ ማለቷ ነው። ተቆጣጣሪው ጓንት ያጠለቀ ወጣት ነው። መደርደሪያውን በጣቱ ጠረገና አየ። የእኔን ፀጉር መሸፈኛ አየ። የአጎቴን ጥፍር አየ። የዳቦ መክደኛ ጨርቁን አሸተተ። ከዚያ ሊፈርም እስክሪብቶውን ሲያወጣ አጎቴ ወደ ፊት ሄዶ ኮፈኑን ከፈተና አጠገቡ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ድሮው።

ተቆጣጣሪው ግራ ተጋብቶ አየው። "ምን ሆነች? ተበላሽታለች?"

"አልተበላሸችም።"

"ታዲያ ዝጋዋ፣ አባባ፤ ዳቦው ላይ ቆሻሻ ይበንንብናል።"

ዘጋት። ፈረመልን። አለፍን። እናቴ ሆስፒታሉን አላጣችም፤ እሷ ሊጥ ላይ ሆና ስነግራት ቢላዋው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ሳቅኩ ብዬ ብዋሻችሁ ደስ ባለኝ። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ሴንሰር፣ ያ ሁሉ የዳገት ላይ ሸንጎ፣ ማንም አንዴ ጎንበስ ብሎ ሊያየው ላልፈለገ ሞተር። ግን አልሳቅሁም፤ አጎቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ክራባቱን እየፈታ ነበር፣ እና ቋጠሮው እምቢ ብሎት ነበር።

ማታውን ጆሮ መጣ፤ ፈተናውን ማለፋችንን ሰምቷል። የመጨረሻውን ሴንሰር ከመስካቱ በፊት በተለይ እንዳዳመጠው ነገረን፤ ድምፁ ንጹሕ እንደነበር ወዲያው አውቆታል። አጎቴን አየሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ልክ ነበረች የሚል፣ እኔ ፊት እንኳ ባይሆን። አጎቴ ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ሞተር ላይ ዘመኑን ባሳለፈ ሰው ድምፅ፣ ለማስተር አንድ ነገር መከረው፤ ከማጠብህ በፊት ሶኬቷን በፌስታል ብትሸፍናት ብናኝ አይገባባትም አለው። ብናኝ። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበበትና፣ እኔም ላደርገው ነበር አለ።

አሁን የጆሮ ጋራዥ የገባ መኪና ሁሉ ሞተሩ ውስጥ ፌስታል ታስሮለት ነው የሚታጠበው። ዘዴው የማስተር ነው ይባላል። ቆርቆሮዋ ስላልሞላች መንኳኳቷን ቀንሳለች። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ሳይቀር አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ስለ ብናኝ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠኝ፤ ምን እንደተማርኩ ሲሰማ በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ።

ባለፈው እሑድ ዳቦ ቤት ውስጥ ቆሜ ማሽኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ አጎቴ ከግቢ ጠራኝ።

"አንቺ፣ ፌስታል አምጪ" አለ። ደግሞ፣ "ትልቁን አይደለም። የትንሹን ዳቦ።"

መጠኑን ያውቀዋል። ከመደርደሪያው አንዱን መዘዝኩ፤ ጥግ ላይ የተቀደደ ነበር፣ ጣቴ የሚያልፍ ቀዳዳ አለው። ይዤው ትንሽ ቆምኩ፤ ሙሽራዋ ዳገቱ ወገብ ላይ እልም ስትል፣ አጎቴ ሲወርድ፣ ወንዶቹ ሲከቡ፣ እሱ እኔን ሲያይ ታየኝ። ደስ ይል ነበር። ግን ሰኞ የማደርሰው ዳቦ አለ።

የተቀደደውን ጣልኩትና ደህናውን ይዤለት ወጣሁ።